የብርቄ ቤት ግድግዳ

ባለፈው ሰሞን እኔ ያለሁበት አፓርትመንት ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ የኮሪደሩ ግድግዳ ራሰ። ሠራተኞች መጥተው ግድግዳውን ከወገቡ በታች ሲቆርጡት እኔ ፖስታ ላወጣ ወርጄ ነበርና ሽታው ፊት ለፊት ተቀበለኝ። እርጥብ ጀሶ ነው። አሽትቶት ለማያውቅ ሰው ልንገር ብል፣ ጠመኔና ያደረ የእቃ ማጠቢያ ጨርቅ አንድ ላይ ቢቀመጡ እንዲህ ይሸታሉ። ፖስታዬን ሳላወጣ ተመለስኩ። ከሠራተኞቹ አንዱ ደህና ነሽ ወይ አለኝ፤ ደህና ነኝ አልኩት፤ ሌላ ምን ልለው ኖሯል? ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ከሰዓቱን ሙሉ ሰንራይዝ ማነር በሚባለው የላስ ቬጋስ ሠፈር፣ ጓደኛዬ ብርቄ ቤት ዋልኩ። በሐሳቤ ማለቴ ነው። ብርቄ ያንን ቤት ከሸጠችው ቆይታለች።

ነገሩ የሆነው ካዚኖዎቹ በኮሮና ተዘግተው እንደገና ከተከፈቱ በኋላ፣ ግማሾቻችን ግን ገና ወደ ሥራ ሳንጠራ በነበርንበት ሐምሌ ነው። ዓመቱን የሚቆጥር ይቁጠረው፤ እኔ የማስታውሰው ማስኩን ነው። መጀመሪያ ማስክ የጠፋ ጊዜ ብርቄ ከአሮጌ የአልጋ ልብስ እየቀደደች፣ ባለ አበባውን ለሴቶች፣ ባለ መስመሩን ለወንዶች እየሰፋች ለቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ አደለች። የእኔ ቢጫ አበባ ነበረው፤ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። ጉባኤው ደግሞ በመኪና ማቆሚያ ሆነ። ሁሉም መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ስብከቱን በሬዲዮ ይሰማል፤ አሜን በማለት ፈንታ ክላክስ ይነፋል። መዘምራኑ ሦስት ሆነው ተራርቀው ቆመው ሲዘምሩ እኛ መኪና ውስጥ እያንዳንዳችን ለብቻችን እንዘምራለን። በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ ብዬ ዘምሬ አላውቅም፤ ድምፄ ጥሩ እንዳልሆነ የሚነግረኝ አጠገቤ አልነበረም። ቤንዚን በዚያ መጀመሪያ ላይ ረክሶ ነበር፤ የሚኬድበት ግን አልነበረም። በኋላ መሄጃው ሲከፈት ቤንዚኑ ተወደደ። ኔሊስና ቻርልስተን መንገዶች ጥግ ላይ፣ ከጎማ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አንዲት ሜክሲኳዊት በትልቅ ጃንጥላ ሥር ማንጎ እየቆረጠች በኩባያ ትሸጥ ነበር፤ ሎሚ ጨምቃ ሚጥሚጣ የመሰለ ነገር ትነሰንስበታለች። አምስት ዶላር ነበር። አሁን ዘጠኝ ገብቷል፤ ሚጥሚጣውም ቀንሷል።

ሃያ ዓመት የሆቴል አልጋ ያነጠፍኩ ሰው ነኝ። ሥራው ሲቆም የቀረኝ የራሴ አልጋ ብቻ ስለሆነ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሥራዬ ያልቃል። ከዚያ ወደ ብርቄ ቤት እነዳለሁ። ብርቄን ያወቅኳት እዚያው ሆቴል፣ አንድ ፎቅ ላይ ጋሪ ስንገፋ ነው። ባሏ ጋሽ ደምሴ ታክሲ ነጂ ነበሩ፤ ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቤታቸውን በሃያ ምናምን ዓመት ኦቨርታይም የገዙ ሰው። በሽታው እሳቸውን አልማራቸውም። ሆስፒታል ብዙ ተኝተው፣ ከዚያ ወደ ማገገሚያ ማዕከል ተዛወሩ። ሳንባቸው ተጎድቶ በኦክስጅን ነበር የሚተነፍሱት። ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ቤቴ አስገቡኝ ብቻ ነው የሚሉት። ማዕከሉም በመጨረሻ ቀን ቆረጠላቸው፤ ዐርብ ይወጣሉ ተባለ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁ፦ የሚገቡበት ቤት ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ያ ሳንባ አቧራም ሻጋታም አይችልም፤ ቤቱ ካልተመቸ የአረጋውያን ማቆያ ይገባሉ። ብርቄ ማቆያ የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ይለወጥ ነበር። እዚያ የገባ የእኛ ሰው ሲወጣ አላየንም።

ዐርቡ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዝናብ መጣ። እዚህ አገር ዝናብ አይዘንብም፤ ከዘነበ ግን ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመውን በአንድ ከሰዓት ይጥለዋል። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ አይጠጣም። ከተራራው የወረደው ውሃ ከብርቄ ሠፈር ጀርባ ያለውን ደረቅ ቦይ ሞልቶ፣ አጥሩን ገፍቶ፣ የጓሮውን በር ሰብሮ ገባ። ስደርስ ብርቄ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ተቀምጣለች፤ ጫማዎቿ ሳሎን ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ውሃው እስከ ጉልበት ነበር፣ ቡናማ፣ ወፍራም። "አስኑ፣ የደምሴ መኝታ ቤት" አለችኝ። ሌላ አላለችም። ውሃው በማግስቱ ሄደ፤ ጭቃውን ግን ትቶልን ነው።

ኢንሹራንሱ ጎርፍ አይሸፍንም አለ። እሱን ነገር ልተወው፤ ሲወራ ደሜ ይፈላል። ቤተ ክርስቲያኑ ደቦ ጠራ። ደቦ ብለን ነው የጠራነው፤ ልጆቹ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀው ሲነገራቸው "ኦ፣ ቮለንቲር" አሉ። ይሁን። ሥራ ያልተጠራ ሰው ሞልቶ ስለነበር የእጅ ችግር አልነበረብንም። ምንጣፉን ገፈን አወጣን፤ የግድግዳውን የጀሶ ሰሌዳ እስከ ወገብ ቆርጠን ጣልን፤ ሙቀት እንዲከላከል ውስጡ የተጠቀጠቀውን ሮዝ ጥጥ መሰል ነገር፣ ውሃ ጠጥቶ የተኛ በግ አክሎ፣ በከረጢት እየጎተትን ደረደርነው። የቀሩት ቋሚ እንጨቶቹና ከሥራቸው ሲሚንቶው ላይ የተጋደመው ወራጅ ብቻ ነበሩ። ማራገቢያ ተከራይተን ለቀቅንባቸው። በዚያ ሰሞን የእንጨት ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ ወንድም ገረመው አንዱን ጣውላ ከመደብሩ ይዞ ሲመጣ በሁለት እጁ አቅፎ ነው፣ እንደ ሕፃን። ገረመው ኤፔክስ የሚባለው አካባቢ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ አገር ቤት አናጢ የነበረ ልጅ ነው። ልጅ ስል ሃምሳ ዓመቱ ነው።

እንጨቱ የገረመው ነበር፤ ግድግዳው ግን የእኔ። ማንም አልሾመኝም፤ እንዲያው ሆነ። ሆሳዕና ከተማ አጠገብ ነው የተወለድኩት። ያኔ ቤት ሲሠራ ወንዶች ያቆማሉ፣ ይማግራሉ፤ የሚመርጉት ሴቶች ናቸው። ጭቃው ከጭድ ጋር በእግር ተረግጦ ይቦካል፤ ቀን ጠብቆ ይለጠፋል፤ ይለሰናል። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ እጄ ጭቃ ውስጥ ነበር፤ ግድግዳ በመዳፌ ዳብሼ ያለበትን መናገር እችላለሁ፣ ቢያንስ እንደዚያ አምን ነበር። የጭቃ ቤት ደግሞ እስኪደርቅ አይጠበቅም። ሰው ይገባበታል፣ እሳት ይነድበታል፤ ከውስጥም ከውጭም አየር እየገባው ቀስ ብሎ ይደርቃል። እናቴ ቤት የሚያደርቀው የሰው ትንፋሽ ነው ትል ነበር። እውነቷን ነበር፤ ስለ ጭቃ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ጋሽ ደምሴ ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ አዲሱ ሰሌዳ ተቆርጦ ተደርድሯል፤ ሰው ሁሉ ካቻቢቴ ይዞ ቆሟል። ሩት መጣች። ሩት የብርቄና የጋሽ ደምሴ አንድ ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች፣ ሰመርሊን የሚባለው ሠፈር ቢሮ ውስጥ የምትሠራ። ከቢሮ ልብሷ ሳትቀይር ነው የገባችው፤ እጇ ላይ ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ ማሽን አለ። የእንጨት እርጥበት የሚለካ ነው። መርፌውን ወራጁ ላይ ሰካችና ቁጥሩን አየች።

"አንቲ፣ ሃያ ስድስት ይላል" አለችኝ። "ከአሥራ አምስት በታች መሆን አለበት። ስቲል፣ አሁንም እርጥብ ነው።"

ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ዳበስኩት። ላዩ ደርቋል። "ልጄ፣ ይሄ ቬጋስ ነው" አልኳት። "የሰቀልሽው ልብስ ዞር ሳትዪ የሚደርቅበት አገር ነው። ቤት ደግሞ ሰው ሲገባበት፣ በሰው ትንፋሽ ይደርቃል።"

ሰዉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ገረመው ማሽኑንና እኔን ተራ በተራ አየና "እህት አስናቀች፣ እርስዎ ምን ይላሉ፣ እንዝጋው?" አለኝ። ብርቄም ታየኛለች። ዐርብ፣ ዐርብ የሚለው ፊቷ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

"ዝጉት" አልኩ።

ሩት ተጨማሪ ቃል አልተናገረችም። ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ መልሶ መናገር ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው፤ ከአማርኛው ጋር ከያዘቻቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ማሽኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀለም ልትቀባ ልብሷን ቀየረች። እኛ ጥጡን ጠቅጥቀን፣ ላስቲክ አልብሰን፣ ሰሌዳውን መትተን፣ የሰሌዳዎቹን መጋጠሚያ ስፌት ለስነን፣ ሐሙስ ሁለት እጅ ቀለም ቀባነው። ልስኑን እኔ ነኝ የሠራሁት። አሁን ቢሆን ይህን ማለት አይገባኝም ግን አምሮ ነበር፤ ስፌቱ የት እንዳለ አይታወቅም።

ዐርብ ጋሽ ደምሴ በተሽከርካሪ ወንበር ገቡ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ አንገቱ ሰፍቷቸዋል። ግድግዳውን በእጃቸው ነክተው "እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ እኔ ምን አደረግኩላችሁ?" አሉ። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። እንደዚያ ሳምንት በራሴ የረካሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በቀጣዩ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ይዤ ሄድኩ። በሩ ሲከፈት በረኪና ሸተተኝ፤ ብርቄ ወለሉን በቀን ሁለቴ ታጥብ ጀምራለች። ወደ መኝታ ቤቱ ስጠጋ ከበረኪናው ሥር ሌላው ሽታ መጣ። አወቅኩት። ምንም የሚያሻማ ነገር አልነበረውም። ጋሽ ደምሴ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ራስጌያቸው ያ እኔ የለሰንኩት ግድግዳ ነው። ያሳልሳቸዋል። "ተቀመጪ እንጂ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ስለ ሙቀቱ አወራን፤ ሆቴሉ እነማንን እንደጠራ አወራን። ብርቄ ዓይኔን አታይም፣ እኔም የእሷን አላይም። ሳህኔን አጥቤ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገም ነገ እናገራለሁ አልኩ። እንደዚያ ያለ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለፍቶ፣ ያ ሁሉ ጣውላ ተገዝቶ፣ አፍርሱት ልበል? በማን ቃል ተዘጋ ቢባል በእኔ ነው።

እሑድ ጠዋት አምቡላንስ ወሰዳቸው። ሩት ደወለችልኝ፤ አልጮኸችም፣ "አንቲ፣ ዳዲን ወሰዱት፤ ግድግዳውን እከፍታለሁ" ብቻ አለች። ስደርስ ቢላዋ ይዛ ከአልጋው አጠገብ ቆማለች። ከእጇ ተቀበልኳት። እኔ ልክፈተው አልኳት። ከሥር ስቀደው ጥቁር ነው። የሰሌዳው ጀርባ፣ ጥጡ፣ ወራጁ፣ ሁሉም ጥቁር ፀጉር አብቅሏል። ቤቱ አልተነፈሰም። በአንድ በኩል ላስቲክ፣ በሌላው በኩል ቀለም፤ ምን አፍንጫ ኖሮት ይተንፍስ? ብርቄ በሩ ላይ ቆማ አየችና ሄዳ ውሃ ጣደች። ምን ልታደርግበት እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ጋሽ ደምሴን ሆስፒታሉ አራት ቀን አቆይቶ ወደዚያው ማገገሚያ መለሳቸው። ጠያቂ አንድ በአንድ ነበር የሚገባው፣ ማስክ አድርጎ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ሄጄ ስገባ ሁሉም ጠፋኝ።

"ጋሽ ደምሴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት።"

"ስለ ግድግዳው ነው?"

"ሩት አልደረቀም ብላኝ ነበር። ዝጉት ያልኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ሸተተኝ፤ አውቄ ዝም ብዬ ሄድኩ።"

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "እኔም በገባሁ በማግስቱ ሸቶኛል" አሉ።

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ያ ሁሉ ሰው በዚያ ሙቀት ለፍቶልኝ፣ ቤቱ ይሸታል ልበል? በምን አፌ? አንቺ እንዳታፍሪ ብዬ ነው።"

ብርቄ በረኪናውን የምታፈሰው ለዚህ ነበር። ሩትም በቁጥር አውቃ ዝም ብላለች። አራት ሰው አውቀን አራታችንም ተከባበርን፤ ሲከፈልበት የነበረው ግን በእሳቸው ሳንባ ነው። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እጃቸውን አነሱ፤ ተይው እንደማለት። "አሁን ስንት ቀን ይፈጃል?" አሉኝ። ሩት ደርቋል እስክትል ድረስ አልኳቸው። ቶሎ በሉ ይሉኛል ብዬ ነበር። "በደንብ ይድረቅ" አሉ።

ሁለተኛውን ጊዜ ግድግዳው ክፍቱን ሆኖ ጠበቅን። ወራጁን ገረመው ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ለወጠው፤ ቋሚዎቹን ፍቀን በሻጋታ መድኃኒት አጠብናቸው፤ ያ ሁሉ ማጠብ መልሶ አራሳቸው። ሩት በየቀኑ ከቢሮ ስትመለስ መርፌውን ትሰካና ቁጥሩን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ሃያ አራት። ሃያ ሁለት። አንድ ቀን ዘንቦ ሃያ ሦስት ሆነ። ሰው ይመጣል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ይመለሳል። ገረመው አንዴ ረስቶ "እህት አስናቀች፣ እንዴት ነው?" ሲለኝ፣ ሩትን ጠይቃት አልኩት። ማዕከሉ በየሳምንቱ ቤቱ ደረሰ ወይ ብሎ ይደውላል፤ ብርቄ ገና ነው ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ እኔ እዚያው ካለሁ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። እነዚያን ቀናት እኔ ነኝ የበላኋቸው። መጀመሪያውኑ ሩትን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ደምሴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረቅ ቤት ይገቡ ነበር፤ ይህንን የምቆጥረው እስከ ዛሬ ነው።

ቁጥሩ አሥራ ስድስት ላይ እያለ ጋሽ ደምሴ አረፉ። ማዕከሉ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ። ሐኪሙ በሽታው ነው አለ፤ ግድግዳው አባብሶት ይሆናል ወይ ብላ ሩት ስትጠይቀው፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለ። ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ለቅሶው እዚያው ቤት ሆነ። ምንጣፍ የለም፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተደረደሩ። ለቀስተኛው የሚቀመጠው ወደ ቋሚዎቹና ወደ እርሳሱ ቁጥሮች ፊቱን አዙሮ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣች አንዲት ሴት ለብርቄ "ምነው፣ ቤቱ ሳያልቅ?" አለቻት።

ብርቄ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። "ጎርፉ ነው፤ ገና አልደረቀም" አለች።

ባሏን ቀብራ መጥታ አሁንም እኔን ትሸፍናለች። ተነሣሁ። "ጎርፉ አይደለም" አልኩ፤ ድምፄ ጓዳ ድረስ ተሰማ። "ጎርፉን አንድ ጊዜ ደቦው አውጥቶት ነበር። እርጥብ ግድግዳ ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ አልደረቀም ብላኛለች፤ አልሰማኋትም። ሽታውንም አውቄ ዝም ብያለሁ።" ሩት ከወንበሯ ተነሥታ መጣችና አጠገቤ ቆመች፤ ክንዴን ያዘችኝ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን ሩት መርፌውን ሰክታ አሥራ አራት ጻፈች። ገረመው ሰሌዳዎቹ ጋራዥ ውስጥ እንዳሉ ነገረኝ። ወደ ብርቄ ሄድኩ፤ ጓዳ ቆማ የሰው ሳህን እየለየች ነው። ደርቋል፣ ሩት ደርቋል ብላለች፣ ነገ ጠዋት መጥተን እንዝጋልሽ? አልኳት።

ሳህኖቹን መለየቷን አላቆመችም። "ተዉት አስኑ" አለችኝ። "አሁን ለማን ብለን ነው የምንቸኩለው?"